በቫዮሊኑ ቀዳዳ የገባችው ወረቀት

ይህ ነገር መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ ቀን አመንትቻለሁ። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልተቃጠለበትም፤ የአንዲት ቁራጭ ወረቀት ታሪክ ነው። ሌላ ሰው ቢያወራኝ እኔም «ታዲያ ምን ይጠበስ?» እለው ይሆናል። ግን ነገሩ በትምህርት ቤት ትእዛዝ ተጀመረ፣ ትእዛዝ ደግሞ አልፋለሁ ብል አይሆንልኝም። በስልሳ ስድስት ዓመቴ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሱቄን ለልጆቼ ከለቀቅሁ በኋላ፣ እዚሁ ናይሮቢ በአንዲት ትንሽ ኮሌጅ ባለክር የሙዚቃ መሣሪያ መሥራትና መጠገን እማራለሁ። ስለ አንድ የተበላሸ ቫዮሊን ሪፖርት ጻፍ ተባልኩና «ምክንያቱ፦ ውስጡ ወረቀት ነበረ» ብዬ በአንድ መስመር አስገባሁ። መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ «ወረቀቱ እንዴት ገባ?» ብለው መለሱልኝ። በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ አሟልቼ ሰጠሁ፤ አለፍኩም። ያ ገጽ ግን የነገሩን ሩብ እንኳ አልያዘም። የቀረውን በለመድኩት ቋንቋ እዚህ አሰፍረዋለሁ። ድንጋጤው እስካሁን ከላዬ ሙሉ በሙሉ አልወረደምና ጽሑፌ ወዲያና ወዲህ ቢል ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ትምህርታችን የጀመረው ከቀዳዳ ነው። መምህሬ ሚስተር ኦቲየኖ የመጨረሻ ልጄን ቢያህሉ ነው፤ እኔ ግን አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም በስዋሂሊ ለሽማግሌ በሚሰጠው ማዕረግ «ምዜ» ይሉኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ጠረጴዛ ላይ አንድ ጊታር፣ አንድ ቫዮሊንና የአገራቸውን ኛቲቲ ደረደሩ። ኛቲቲ የእኛ ክራር የአጎት ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። «ድምፁ የሚወጣው ከየት ነው?» ብለው ጠየቁ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች «ከክሩ» አሉ። እኔ እጄን አወጣሁ፤ ሁልጊዜ አወጣለሁ፣ ልጆቹም ይስቁብኛል። «ከቀዳዳው» አልኩ። «ከቀዳዳው የቱ ጋ?» አሉኝ። ጣታቸውን በቫዮሊኑ ጠማማ ቀዳዳ ዳርቻ እያስኬዱ፣ አየሩ ብርቱ ሆኖ የሚሮጠው በጠርዙ በኩል እንጂ በመሃሉ እንዳልሆነ አስረዱን። የጥንት ሠሪዎች ክብ ቀዳዳ ይበሱ ነበር። ቆይቶ ክቡ ግማሽ ጨረቃ ሆነ፣ ግማሽ ጨረቃውም ተስቦ ተስቦ ዛሬ ቫዮሊን ላይ የምናየውን የእንግሊዝኛ ኤፍ ፊደል መሰለ። ጠርዙ ረዘመ፣ ክፍተቱ ጠበበ። ይህንን ሁሉ በንጹሕ ጽሕፈት ደብተሬ ላይ አስፍሬዋለሁ። «ክፍተቱ ጠበበ» ብዬ ስጽፍ ያን ቀን ምንም አልተሰማኝም። አሁን ያችን መስመር ሳያት ደብተሩን እዘጋዋለሁ።

ኮሌጁ ለልምምድ እንዲሆነን ከሰፈር ሰው የተበላሹ መሣሪያዎች ይቀበላል። በጥቅምት መጨረሻ ገደማ አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጥቁር ሳጥን አቅፋ መጣች። ሰላም ትባላለች። መልኬን አይታ በአማርኛ ጀመረችኝ። «አባባ፣ ቫዮሊኑ የአቦይ ነው፣ የአያቴ። ግን በዝ ያደርጋል። ዋን ኖት ላይ ብቻ። ፈተና አለኝ፣ ሳሳ ምን ላድርግ?» አለች። ሳሳ በስዋሂሊ አሁን ማለት ነው፤ እነዚህ ልጆች በአንድ አረፍተ ነገር ሦስት አገር ይዞራሉ። ቀጥላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አቦይ እንዲከፈት አይፈልግም። ማምጣቴንም አያውቅም። እንዳትከፍቱት፣ እሺ?» አለችኝ። ሚስተር ኦቲየኖ ደጋኑን ሳቡና ሰሙ። አራቱ ክሮች ደኅና ናቸው፤ አንዲት ድምፅ ላይ ሲደርሱ ግን እቃ ውስጥ እንደተዘጋባት ንብ ጥዝ ይላል። «ምዜ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ አይከፍትም፤ ያያል» አሉና የጥርስ ሐኪም መሣሪያ የምትመስል ትንሽ መስታወትና በሽቦ ጫፍ የምትበራ አምፖል ሰጡኝ።

አምፖሏን በአንዱ ቀዳዳ፣ መስታወቷን በሌላው አስገባሁ። መጀመሪያ አቧራ አየሁ። ቀጥሎ ያችን ያለ ሙጫ፣ በመወጠር ብቻ ፊትና ጀርባውን ደግፋ የምትቆም እርሳስ የምታክል እንጨት አየሁ። ከእሷ ወዲያ፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈች እጥፍ ወረቀት። አንዷ ጫፍ ተለጥፋለች፣ ሌላዋ ተነሥታለች፤ ጥዝ የምትለው እሷ ናት ብዬ ደስ አለኝ፣ ቶሎ ለመምህሬ ልነግር አፌን ከፈትኩ። ወረቀቷ ላይ ጽሑፍ ነበር፣ በመስታወት ተገልብጦ። አንድ በአንድ መልሼ አነበብኩት። «ለተስፋለም» ይላል። የ«ለ» አንደኛው እግር ከሌላው ይረዝማል። የኔ «ለ» ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። መስታወቷ ከእጄ አምልጣ ቫዮሊኑ ውስጥ ገባች፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሊሠራ የሚችለው ትልቁ ጥፋት እሱ ነው። ሚስተር ኦቲየኖ ግን ፊቴን አይተው አልተቆጡም። ወንበር ሳቡልኝ።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስ። ዓመቱን በትክክል አልጠራም፤ አዲስ አበባና አስመራ የተኳረፉበት ጊዜ ነው፣ ያ ይበቃል። ሁርሊንግሃም ሰፈር ዛሬ አሥራ አራት ፎቅ ሕንፃ የቆመበት፣ ከታችኛው ፎቅ ሰዎች ቆመው የሚሮጡበት ስፖርት ቤት ያለበት ቦታ ላይ፣ ያን ጊዜ ባለቆርቆሮ ክዳን አሮጌ ቤት ነበረ። ጃካራንዳው አበባውን በጣሪያው ላይ ያራግፋል፣ ዝናብ ሲመጣ አሸንዳው በሐምራዊ ጭቃ ይደፈናል። ቤቱ የእትዬ ብርነሽ ምግብ ቤት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የናይሮቢ ሐበሻ ሁሉ እዚያ ይወርዳል። በሃያ ሽልንግ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ከተማ ወርዶ መመለስ ይቻል ነበር፤ ያውም ቀለሙ ዓይን በሚወጋ፣ ሙዚቃው መስኮቱን በሚያርገበግብ ማታቱ። ስልክ ለመደወል የዳቦ ዋጋ ያህል ሳንቲም ይዘን ቀይ ሣጥን ፊት እንሰለፋለን። ሱፋችንን ከጊኮምባ ልባሽ ገበያ መርጠን፣ አንድ የካምባ ጎሣ ልብስ ሰፊ ትከሻውን ያስገባልናል፤ እንደ እኛ ዓይነት ለባሽ በዚያ ከተማ አልነበረም ብል አልዋሸሁም። ካሴት ከካሴት እየቀዳን ዘፈኑ ጨርሶ ሹክሹክታ እስኪሆን ድረስ እንሰማለን።

በዚያ ቤት እሑድ ከሰዓት እኔ ክራር፣ ተስፋለም ቫዮሊን እንጫወት ነበር። ተስፋለም አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ በአንድ ኦርኬስትራ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። ግራጫ ኮቱን ሳያወልቅ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጫወታል። አማርኛው ከኔ ይሻላል፤ ቃል ስሳሳት «ደረጀ፣ አንተ ጎጃም ነው የተወለድከው ወይስ ሞምባሳ?» ይለኛል። ትዝታን ሲጫወት አምስቱ ድምፆች አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ እየተንጠለጠለች ስትመጣ፣ ሳህን የምታነሳው ልጅ እንኳ ቆማ ትሰማ ነበር።

የቤቱ ደንብ የታወቀው ደንብ ነው። እንግዳው ግጥም ይሰጣል፣ «ተቀበል» ይላል፤ ተጫዋቹም የተሰጠውን እንዳለ ተቀብሎ ይዘፍነዋል። ማጣራት የለም፣ መምረጥ የለም። እንዲያውም ጎበዝ የሚባለው ግጥሙን ከሰጪው አፍ ሳይወድቅ የሚቀልብ ነው፤ እኔ ጎበዝ እባል ነበር። ራሴ ግጥም መፍጠር ግን አልችልም፣ መቀበል ብቻ። ዓይን አፋር እንግዶች ደግሞ ሌላ መንገድ አበጅተው ነበር። የኔ ክራር ገበቴ ላይ የተወጠረው ቆዳ አውራ ጣት የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ ነበረው። ግጥማቸውን ከእትዬ ብርነሽ የትእዛዝ ደብተር በተቀደደች ወረቀት ይጽፉና፣ ሳይታዩ በቀዳዳው ይከቷታል። እኔ ክራሩን እገለብጠዋለሁ፣ ወረቀቷ ጠብ ትላለች፣ እዘፍናታለሁ። ስንት ፍቅር፣ ስንት እርቅ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ወጣ። ሁለት ጋብቻ አውቃለሁ።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ሰዉ ጠረጴዛውን መለያየት ከጀመረ ሰንብቷል፤ የአስመራ ሰዎች ቀስ በቀስ ሌላ ቤት መሄድ ጀምረዋል፣ ተስፋለም ብቻ «እኔ የማውቀው ቅኝት ነው» ብሎ ቀርቷል። አንድ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው እንግዳ ከማዕዘን ተነሥቶ «ተቀበል» አለ። ግጥሙን እዚህ አልጽፈውም፤ አንድ ጊዜ ተቀብዬዋለሁ፣ ያ ይበቃል። የተስፋለምን ወገኖች የሚሰድብ ነበር፣ የሞቱባቸውንም ጭምር። እኔ እጄ ክራሩ ላይ ነበር፣ አፌም ለምዷል። ከአፉ ቀለብኩት። ሁለቱንም ስንኝ፣ በደንብ፣ ድምፄን አሳምሬ ዘፈንኩት። የዘፈንኩት ምን እንደሆነ የገባኝ ሁለተኛው ስንኝ ካለቀ በኋላ ነው። አንዳንዶች አጨበጨቡ።

ተስፋለም አላቋረጠም። እስከ መጨረሻው አጀበኝ፤ ይኸው ነው እስከ ዛሬ የማይለቀኝ። ጨርሶ ቫዮሊኑን መስኮቱ ሥር ፀሐይ ያረፈበት ወንበር ላይ አስቀመጠና ወደ ግቢው ወጣ። እኔ ተከትዬው ልወጣ ብልም ሰው ሁሉ እያየኝ አፈርኩ። ከትእዛዝ ደብተሩ አንዲት ቅጠል ቀድጄ፣ በዕድሜዬ የመጀመሪያውን ግጥም ጻፍኩ። ሁለት ስንኝ። አጠፍኳት፣ ላዩ ላይ «ለተስፋለም» አልኩ። ሌላ ሰው እንዳያነባት ብዬ ደግሞ ተጠነቀቅሁ፤ ጥንቃቄ ጠላቴ ነው። ኪሴ ውስጥ ከጠዋቱ ቅዳሴ የተረፈች ቁራጭ ጧፍ ነበረች። ሰሙን በጣቴ አሙቄ የወረቀቷን አፍ አሸግሁ። ወሰድኩና በቫዮሊኑ ቀዳዳ ከተትኳት። ክራር ላይ የለመድኩትን ነው ያደረግሁት። ክብ ቀዳዳ የሰጡትን ይመልሳል፤ ያ ጠማማና ጠባብ ቀዳዳ ግን መቀበል እንጂ መመለስ እንደማይችል ማን ነግሮኝ። ሰሙም በዚያ ፀሐይ ለስልሶ እንጨቱን ነከሰ።

ተስፋለም ተመለሰ። ቫዮሊኑን አነሣ፣ ወደ ብርሃኑ አዘነበለ፣ በቀዳዳው ወደ ውስጥ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ቫዮሊኑን ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠ፣ ሁለቱን መቆለፊያ ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። አይቷታል፣ ቤቱ ሄዶ ያነባታል አልኩ። አንድ እሑድ ጠበቅሁ፣ አንድ ወር፣ አንድ ዓመት። አንብቦ እምቢ ብሎኛል ብዬ ደመደምኩ፤ ይገባኛልም አልኩ። እሱ ኪሌሌሽዋ፣ እኔ ኪሊማኒ፤ በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት አልሄድኩትም። ክራሬን ግን ከዚያ እሑድ ወዲህ ሰው ፊት አልያዝኩም።

አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰርግ ላይ ከድንኳኑ ውጭ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ትዝታን ይጫወታል፣ በአራት ድምፅ። አምስተኛዋን እየዘለለ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ቆይቶ ከወጣቶቹ ሰማሁ፤ የተስፋለም ስልት ይሉታል፣ አምስተኛዋን መዝለል ጥበብ ነው ብለው እነሱም ይዘላሉ። አሁን ናይሮቢ ውስጥ ትዝታን በአራት ድምፅ ብቻ የሚያውቁ ልጆች አሉ።

ወደ ኮሌጁ ልመለስ። ሚስተር ኦቲየኖ መስታወቷን በማግኔት አወጡ። ከዚያ ቀጭን ብረት አሞቁ፣ በቀዳዳው አስገብተው ሰሙን ነኩ፣ በረጅም መቆንጠጫም ወረቀቷን ከጠርዙ ጋር ሳያጋጩ ሳቧት። ቫዮሊኑ አልተከፈተም። «የእናንተ ፊደል ነው፣ ምዜ። ምን ይላል?» አሉኝ። እንጨቱን ያልነካው ሰም ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ እንዳለ ነበር። እሽጉ አልተነካም። ሃያ ምናምን ዓመት እምቢ አለኝ ያልኩት ሰው አላነበባትም። ልናገር ፈልጌ ከአፌ የወጣው «የኔ አይደለችም፣ የሰው ናት» የሚል ብቻ ሆነ። ሰላም ፈርታ፣ «አባባ፣ አቦይን ታውቀዋለህ እንዴ?» አለችኝ። «ውሰጂኝ» አልኳት።

እውነቱን ለመናገር ግን ለመሄድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያን ቀን «ውሰጂኝ» ብዬ፣ ከግማሽ መንገድ ተመለስኩ። ሰላም ቫዮሊኑን ወሰደች፣ ወረቀቷ እኔ ዘንድ ቀረች። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ጧፉን ሳይ፣ ሰሙ ጣቴ ላይ ሲንጠባጠብ፣ አልቻልኩም። በማግስቱ ለሰላም ደወልኩ።

ኪሌሌሽዋ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ተበላሽቷል። ተስፋለም በረንዳው በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል። ግራጫ ኮት ለብሷል፣ ሌላ ኮት ግን ያው ግራጫ።

«አቦይ፣ እንግዳ አመጣሁ» አለች ሰላም።

«ማነው?»

«ደረጀ ነኝ» አልኩ ከበሩ ላይ።

«የቱ ደረጀ?»

«ባለክራሩ።»

«እሱን እኔ ቀብሬዋለሁ» አለ። ቀጥሎ «ግባ እንጂ። ሙት በር ላይ አይቆምም፤ ብርድ ያስገባል።»

ገባሁ። የምለው ሁሉ ጠፋኝና ወረቀቷን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኳት። አላነሣትም። አያትና ወደ ሰላም ዞረ። «ከፈታችሁት?»

«አልተከፈተም፣ አቦይ። ፕሮሚስ። በቀዳዳው ነው የወጣችው። ፖሌ፣ ይቅርታ፣ ሳልነግርህ ወስጄው ነው።»

«ነበረች ማለት ነው» አለ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«እንዴት አላውቅም? ያን ቀን አየኋት። አንድ ጊዜ በሽቦ ሞከርኩ፣ ጥርስ አላት፣ አልለቅም አለች። ሊከፍቱልኝ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። አላስከፈትኩም።»

«ለምን?»

«ስድብ መስላኝ ነዋ። ያን ቀን የሚሰጠው ስድብ ነበር፤ አንዱን በአፍ ሰጡህ፣ ሌላውን በጽሑፍ ለኔ ከተቱልኝ ብዬ ነው።» መስኮቱን እያየ ተናገረ። «ጫፏ ላይ ፊደል ይታየኝ ነበር። የአንተ 'ለ' መሰለኝ። ስድብ ከሆነች ያንተ መሆኗን ማወቅ አልፈለግሁም። ያንተ ከሆነች ደግሞ መጣል አልፈለግሁም። ስለዚህ ተውኳት።»

«ድምፁስ?»

«እሷ የምትጮኽባትን ድምፅ ዘለልኳት። ቅኝቱን እንዳልቀይረው ዘፋኞቹ የለመዱት እሷን የሚነካውን ነው፣ ምን ላድርግ። በኋላ ሰው ወደደው። ቂሎች ናቸው።»

የምቀመጥበትን ወንበር አላየሁም ነበር፤ ሰላም ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። እኔ የመሰለኝ እሱ እምቢ እንዳለኝ ነው። እሱ የመሰለው እኔ ደግሜ እንደሰደብኩት ነው። ያም ሆኖ ስድብ የመሰለችውን ወረቀት በቫዮሊኑ ሆድ ይዞ፣ በእሷ ላይ እየተጫወተ፣ ልጅ አስተምሮ፣ ሰርግ አድምቆ ሃያ ምናምን ዓመት ኖረ። የቱ እንደሚያስደነግጥ አላውቅም።

«አንብባት» አልኩት።

«ዓይኔ አያይም፣ ደንቡንም ረስተኸዋል» አለ። «ግጥም ናት አይደል? ሰጪው ነው የሚለው። ሰላም፣ ቫዮሊኑን።»

ሰሙን ሰበርኩት። እርሳሱ ደብዝዟል፣ ግን ሳላየውም አውቀው ነበር። ተነሣሁ፤ ሰጪ ቆሞ ነው የሚሰጠው። «ተቀበል» አልኩ።

«የሰጡኝን ሁሉ አፌ ሲቀበል፣
ወንድሜን አቆሰልኩ፣ አንተ ይቅር በል።»

ተስፋለም ቫዮሊኑን አገጩ ሥር አደረገ። «ቤት መታች» አለ። «አንተ ግጥም አትችልም ነበር። ማን ጻፈልህ?»

«ራሴ።»

«እኔ እኮ ቤት የማይመታ ይሆናል ብዬ ነው እስከ ዛሬ የፈራሁት» አለና ደጋኑን ሳበ።

ትዝታን ጀመረ። ጣቱ አምስተኛዋ ዘንድ ሲደርስ ከልማዱ ዘለላት። ቆመ። ሰላም አየችኝ፣ እኔ ወለሉን አየሁ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፣ እዚያው ደረሰ፣ ጣቱ አረፈባት። ምንም ጥዝ የሚል ነገር አልነበረም። ንጹሕ ነበረች። አልለቀቃትም፣ ደጋኑ እስኪያልቅ ጎተታት፤ ከዚያ በሰለለ ድምፁ ሁለቱንም ስንኝ፣ አንዲት ቃል ሳይለውጥ ተቀበለኝ።

ይህ የሆነው ባለፈው ኅዳር ዐሥራ ሦስት ቀን፣ የሚካኤል ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ ነው።